በፍስክ ተመለስ

ለየዝና፣ ለባለቤቴ፣

ዋሽቼሻለሁ። ሰላምታውን ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት፣ እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከረምሽ ካልኩ በኋላ እንደ ልማዴ ዙሪያውን ስዞር ዋናውን ሳልናገር ወረቀቱ እንዳያልቅብኝ ፈርቼ ነው። «ሥራ ቦታ ቬኬሽን የሚሰጡኝ በፍልሰታ ብቻ ነው» እያልኩሽ የኖርኩት ውሸት ነበር፣ የዝናዬ። ሆቴሉ ውስጥ የዕረፍት ጊዜ የሚመረጠው በቆይታ ነው። ከሴኩሪቲዎቹ መካከል ደግሞ ከእኔ የቆየ የለም። ሱፐርቫይዘሩ በየዓመቱ ወረቀቱን መጀመሪያ የሚያመጣው ለእኔ ነበር። ሐምሌም ክፍት ነበር፣ መስከረምም ክፍት ነበር። ፍልሰታን የመረጥኩት በገዛ እጄ ነው።

ለምን ብትይ፣ ጾም ከሆነ ጀልባ ላይ ላለመውጣት ምክንያት አገኛለሁ። አንቺ በማለዳ ዘንግሽን ይዘሽ ወደ ሐይቁ ስትወርጂ እኔ የጸሎት መጽሐፌን ይዤ ትልቁ ጥድ ሥር እቀመጣለሁ። «ሱባኤ ላይ ነው፣ ተዉት» ትያለሽ። ማንም አያስገድደኝም። እኔ ግን ሱባኤ ላይ አልነበርኩም። ውሃ እፈራለሁ፣ ይኸው ነው። ሰካራም ክንዱን ይዞ ከካዚኖ የሚያስወጣ ሰው ውሃ ይፈራል፤ ፍርሃቱንም በጸሎት መጽሐፍ ሸፈነው።

አሁን ሰላም ልበልሽ። ከተለየሽኝ ዓመት አልፎ መንፈቅ ሊሞላ ነው። ነፍስሽን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልኝ እያልኩ ጠዋት ማታ አነሣሻለሁ። ይህኛው ግን እውነተኛ ጸሎት ነው፣ እመኚኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ከማታ ሺፍት ወደ ቀን አዙረውኛል፤ አሁንም ዳውንታውን በአውቶቡስ ነው የምሄደው። ያንቺን መኪና ማኅሌትን ልስጥሽ ብላት «አባ፣ ሚኒሶታ ድረስ ማን ይነዳዋል» ብላ ሳቀችብኝ። ልጃችን ባለፈው ስትመጣ የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ቀይራዋለች። አልወደድኩትም፤ አልነገርኳትም። የተሸከምኩት ጠባይ ይህ መሆኑን አሁን አሁን ነው ልብ የምለው። ግቢው ውስጥ ያለው ሮማን ዘንድሮ ፍሬው ከመብዛቱ የተነሣ ቅርንጫፉ ጎንበስ ብሏል። ዘንጎችሽ ከበሩ ኋላ እንደቆሙ ናቸው። አረንጓዴው ሳፋም ያስቀመጥሽበት ቦታ አለ።

ያን ሳፋ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይመጣብኛል። የዚህ ከተማ ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ወር፣ ፀሐይዋ አስፋልቱን ልታቀልጥ ስትደርስ፣ አንቺ የሆቴል ክፍል ስታጸጂ ውለሽ ትመጪና ነጠላሽን ራስሽ ላይ ጣል አድርገሽ ትወጫለሽ። ሳፋውን ከግቢው ጥግ ታስቀምጫለሽ። ከዚያ በረንዳው ላይ ቆመሽ ክሩን ትወረውሪያለሽ። መንጠቆ የለውም፤ ጫፉ ላይ ዳዶ አስረሽበታል። ዳዶው ሳፋው ውስጥ ገብቶ «ቋ» ሲል ጎረቤታችን ራውል ከአጥሩ ወዲያ ያጨበጭባል። «ሴኞራ፣ እዚያ ውስጥ እኮ ዓሣ የለም» ይልሻል። «አንተ አይታይህም እንጂ ሞልቷል» ትይዋለሽ። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ውስጥ በዚያ ሁሉ አቧራና ሙቀት መካከል ዓሣ የሚታያት ሴት አንቺ ብቻ ነበርሽ። እኔም ከመስኮቱ ውስጥ ሆኜ አይሻለሁ። እንደዚያ ቀጥ ብሎ የቆመ ጀርባ እስከ ዛሬ አላየሁም። ይህንንም አልነገርኩሽም ነበር።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ስትነግሪኝ ማኅሌት ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ጣና ዳር ተወልደሽ፣ ጣና ዳር አድገሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ታንኳ ላይ አለመውጣትሽን ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወንድሞችሽ ናቸው የሚወጡት። ያንቺ ሥራ እነሱ ሲመለሱ ሆድ ዕቃውን ማውጣት፣ ማጠብ፣ ገበያ ወስዶ መሸጥ። ልሂድ ስትያቸው «ሴት ካለችበት ዓሣው ይርቃል» እያሉ ይስቁብሻል። «ስንት ሺህ ቆሮሶ በእጄ አልፏል፤ አንዱንም እኔ አልያዝኩትም» አልሽኝ። በምሬት አልነበረም የነገርሽኝ፤ ተራ ወሬ እንደምታወሪ ሆነሽ ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት ከውስጤ አልወጣልኝም።

ስለዚህ ማኅሌት ነርስነት ተመርቃ ሚኒሶታ ሥራ ያገኘች ጊዜ፣ ከእሷ ከተማ ወደ ሰሜን ግማሽ ቀን የሚያስነዳ ጫካ ውስጥ ትንንሽ ቤት የሚከራይበት ሐይቅ አለ ስትልሽ፣ ፊትሽ ምን እንደሆነ አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሳፋውን የገዛሽው።

ሐይቁን መጀመሪያ ያየንበትን ቀን አልረሳውም። መንገዱ ጥድ ብቻ ነበር። ጥድ፣ ደግሞ ጥድ፣ አልፎ አልፎ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላጥ ነጭ ዛፍ። ከዚያ ዛፉ ድንገት አለቀና ውሃው መጣ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ዳር ላይ ቆመው ሲያዩት የታችኛው ጠጠር በእጅ የሚነካ ይመስላል። ወደ መሐል ግን ጥቁር ነው። እኔ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። አንቺ መደነቄ መሰለሽና እጄን ጨበጥ አደረግሽ። «አየህ ጋሼ፣ እንዴት ያምራል» አልሽኝ። አዎ፣ ያምራል። ግን እጄ ያላበው ከማማሩ አልነበረም።

ጋሼ የምትለዋ ቃልሽ ናፍቃኛለች። ቤተ ክርስቲያን ያስተዋወቁን ጊዜ በዕድሜ ስለምበልጥሽ «እርስዎ» ትይኝ ነበር። ስንጋባ «አንተ» አልሽኝ፤ ጋሼን ግን አልተውሽም። ስትቀልጂብኝም ጋሼ፣ ስታዝኚልኝም ጋሼ።

ጀልባ አከራዩን ሃሮልድን ታስታውሽዋለሽ፤ ያን ነጭ ጢማም ሽማግሌ። መጀመሪያ ዓመት ብቻሽን ልትወጪ መሆኑን ሲያውቅ ዓይኑ ፈጠጠ። «ባልሽስ?» አለሽ። «ባሌ ለዓሣዎቹ ይጸልያል» አልሽው። በሁለተኛው ዓመት «ካፕቴን» ይልሽ ጀመር። ከዚያ በኋላ በመጣን ቁጥር ገና ከመኪና ሳንወርድ «ካፕቴን መጣች» እያለ ለሌሎቹ ተከራዮች ይናገር ነበር።

ዋልአይ የሚሉት ዓሣ ዓይኑ እንደ መስታወት ስለሚያበራ አንቺ «ባለመነጽሩ» አልሽው። ባለመነጽሩን ስትይዢ ከጥዱ ሥር ሆኜ በደንብ ይታየኛል። ጸሎት ላይ ነው የምትይኝ ሰው ገጽ እንኳ አይገልጥም ነበር። ዘንጉ ሲጎብጥ አትደነግጪም። አትቸኩይም። ትለቂለታለሽ፣ ትስቢዋለሽ፣ ደግሞ ትለቂለታለሽ። ሕፃን የምታባብይ ነበር የምትመስይው። ከዚያ መንጠቆውን ቀስ አድርገሽ ታወጪለታለሽ። ነፍስ እስኪዘራ ድረስ በሁለት እጅሽ ውሃው ውስጥ ትይዢዋለሽ። ከዚያም ድምፅሽ ውሃውን አቋርጦ ይሰማኛል፦ «ሂድ። በፍስክ ተመለስ።»

ሁሉንም እንዲሁ ሰደድሻቸው። በየዓመቱ፣ አንድም ሳታስቀሪ። ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሴቶች ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም ብለው ሲከራከሩ አንቺ «የሚያከራክር ነገር አልበላም» ብለሽ ጨርሰሻል። በረዶ አድርገን ላስ ቬጋስ ወስደን ከጾሙ በኋላ እንብላው ስልሽም «ሐይቁ ዳር ካልተበላ የገበያ ዓሣ ነው። የገበያውን ደግሞ ልጅ ሆኜ ጠግቤዋለሁ» አልሽኝ። ሃሮልድ ነገሩ ሊገባው አልቻለም። ካልበላሽው ለምን ታጠምጂዋለሽ ብሎ ጠየቀሽ። «እየተዋወቅን ነው» አልሽው። ሽማግሌው ሳቀ። እኔ ጥዱ ሥር አንገቴን ደፋሁ። እስክትሞቺ ከዓሣ ጋር ስትተዋወቂ የኖርሽው በእኔ ምክንያት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያቺ ቀይ ዓይን ያላት ወፍስ? ሉን የሚሏት፣ መጀመሪያ ስታለቅስ ቀጥላ ስትስቅ የምትመስለው? አንድ ጠዋት ስትጮህ አንቺ ጀልባው ላይ ብድግ ብለሽ እልል አልሽላት። ወፏ ዝም አለች። ከዚያ መለሰችልሽ። የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጥቶ አየ። እኔ ግን ያየሁት የጀልባውን መወዛወዝ ነው። «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ» እያልኩ ብቻዬን አንሾካሹክ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በየዓመቱ አያለሁ፣ ግን አልጠይቅሽም። አንቺ ከኋላ ሞተሩ ጋ ትቀመጫለሽ። ከፊተኛው መቀመጫ ላይ ብርቱካንማ ነገር ተቀምጦ ይታየኛል። የምሳ ዕቃሽ ይመስለኝ ነበር።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ደግሞ ልንገርሽ። በልጅነቴ በእግር ወደ ሱዳን ስንወጣ ወንዝ ተሻገርን ብዬሻለሁ፤ እንዴት እንደተሻገርን ግን አላወራሁሽም። ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሞልቷል። ገመድ ዘርግተው እሱን እየያዝን ተራ በተራ ገባን። ከፊቴ የነበረው አብሮ አደጌ ነው። መሐል ላይ ስንደርስ እጁ ገመዱን ለቀቀ። ዞር ብሎ አየኝ፤ ስሜን ጠራኝ። እኔ አንድ እጄን መዘርጋት እችል ነበር። ምናልባት አይደርስም ነበር፤ ምናልባት ሁለታችንም እንሄድ ነበር። ግን አልዘረጋሁም። ሁለቱንም እጄን ገመዱ ላይ ጠበቅ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ከጉልበቴ በላይ የሆነ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም።

ላስ ቬጋስን የወደድኳት ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ በረሃነቷን ሲያማርር እኔ በልቤ ተመስገን እል ነበር። የሆቴሉን መዋኛ ጥበቃ የመደቡኝ ጊዜ ሁሉ ሺፍት እቀያየራለሁ። አንቺ ይህን ሰምተሽ «የኔ ጋሼ ራቁታቸውን ያሉትን ሴቶች ላለማየት ነው» ብለሽ ለጓደኞችሽ አወራሽልኝ። እነሱም ለባሎቻቸው አወሩላቸው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «በቬኬሽኑ እንኳ ጾሙን የማያፈርስ ሰው» እያሉ ሲያመሰግኑኝ አንገቴን እሰብር ነበር። ትሕትና መሰላቸው። እንዲህ ነው የዝናዬ፣ ፍርሃቴን አንቺ በቅንነትሽ ቅድስና አደረግሽልኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ለበስኩት።

ከዚያ ታመምሽ። ሆስፒታል እያለሽ፣ መናገር እየከበደሽ ሳለ፣ ማኅሌት ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ጠራሽኝ። ስለ ቀብር፣ ስለ ተዝካር ልትነግሪኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ በፍስክ ሂድልኝ» አልሽኝ። «ጀልባው ላይ ውጣና አንዱን ባለመነጽር ያዘው። ሐይቁ ዳር ብላው። ምን ምን እንደሚል ሳላውቅ ልሄድ ነው እኮ» ብለሽ ሳቅሽ። ያ ሳቅሽ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያኔ መንገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማኅሌት ተመለሰችና እሺ ብቻ አልኩሽ።

እሺ ካልኩሽ በኋላ አንድ ክረምት ሳልሄድ አለፈ። ሙት ዓመትሽ አልወጣም፣ እንዴት ሆኜ እሄዳለሁ አልኩ። እሱም ምክንያት ነበር። ሙት ዓመትሽ ሲወጣ ምክንያት አለቀብኝና ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወንዙንም፣ ቬኬሽኑንም። «ለእኔ ነገርከኝ፣ መልካም። ለእሷስ?» አሉኝ። «አባ፣ አርፋለች እኮ» አልኳቸው። «ስላረፈች አይደል እንዲህ የደፈርከው? አሁንም ንገራት። ግን ባዶ እጅህን እንዳትሄድባት» አሉኝ። መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ።

ስለዚህ ዘንድሮ ወረቀቱ ሲመጣ ሐምሌን መረጥኩ። የሰኔ ጾም ካለቀ በኋላ፣ ፍልሰታ ሳይገባ። ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን አይቶ «ደህና ነህ?» አለኝ። ማኅሌትም ስልክ ላይ ስነግራት «አባ፣ ሪሊ?» አለችኝ። ዘንግሽን፣ ትንሹን የመንጠቆ ሣጥንሽን፣ አንድ ብልቃጥ አዋዜ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። ወር ሙሉ ፍስክ፣ ፍስክ ስል ከረምኩ። ሐይቁ ዳር ደርሰን ማኅሌት የመኪናውን ሞተር ስታጠፋ ነው የሳምንቱን ቀን ያሰብኩት። ረቡዕ ነበር።

ቀኑን አለማየቴ ሊያስቅ ይችላል። ከዚያ ያደረግሁት ግን አያስቅም። ከመኪና ስወርድ «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፣ ዓሣውን ምን እናደርገዋለን? ጀልባውን ለነገ እናድርገው» አልኳት። ይህን ስል ደስ አለኝ፣ የዝናዬ። ትከሻዬ ቀለለኝ። የጸሎት መጽሐፌን ይዤ ወደዚያው ጥድ ሄድኩና ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ራሴን የሰማሁት። ስንት ሺህ ማይል ተጉዤ፣ ቃል ገብቼ፣ ተናዝዤ፣ እዚያው ጥድ ሥር፣ ያንኑ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጫለሁ። ልጄ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት የእንጨት መረማመጃ ጫፍ ላይ ዘንግሽን ይዛ ብቻዋን ቆማለች። ጀርባዋ ያንቺ ጀርባ ነው። መጽሐፉን ገለጥኩ፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ዘጋሁት።

ሃሮልድ ከጀልባ ቤቱ ወጣና ወደ እኔ መጣ። አርጅቷል፤ በከዘራ ነው። ስለ አንቺ ማኅሌት ነግራው ነበርና ባርኔጣውን አውልቆ ጥቂት ቆመ። «ካፕቴን ጥሩ ሰው ነበረች» አለኝ። ክንዱ ላይ አንድ ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ልብስ፣ አንጠልጥሏል። ወዲያው አወቅሁት። በየዓመቱ ከፊትሽ ሲቀመጥ የነበረው የምሳ ዕቃሽ።

ሽማግሌው ነገረኝ። መጀመሪያ ዓመት ሁለት ጃኬት ጠየቅሽው፤ አንዱን ላንቺ፣ አንዱን ትልቅ። ትልቁ ላይ በጥቁር ቀለም ጻፍሽበት። ጀልባ ቤቱ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቀልሽውና ለማንም እንዳትሰጠው አልሽው። በወጣሽ ቁጥር አውርደሽ ከፊትሽ ታስቀምጫለሽ፤ ስትመለሺ መልሰሽ ትሰቅይዋለሽ። ለማን ነው ብሎ ሲጠይቅሽ «ውሃ ለሚፈራ ሰው። ሲመጣ ይመጣል፤ አንተ ግን እንዳትነግረው» አልሽው። እሱም ይኸው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ጽሑፉን በጣቱ አሳየኝና «ይህን ሁሉ ዓመት ጸሎት ይመስለኝ ነበር። ምን ይላል?» አለኝ። ጃኬቱን ተቀበልኩት። የእጅ ጽሕፈትሽን ስንት ጊዜ «ወተት ግዛ» በሚል ወረቀት ላይ አይቼዋለሁ። «የጋሼ» ይላል። ሃሮልድን «እኔ ነኝ» አልኩት፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም።

ታውቂ ነበር። የዋሸሁሽ መስሎኝ ስኖር ቦታ ይዘሽልኝ ነበር። ለሰው ሁሉ ሱባኤ ላይ ነው እያልሽ የሸፈንሽልኝ አውቀሽ ነው። የመዋኛውንም ወሬ እንደዚያ አድርገሽ ያወራሽልኝ አውቀሽ ይሆን? ወረቀቱንስ፣ ቬኬሽኑንስ? እሱን የሚነግረኝ የለም። ሆስፒታል «ጀልባው ላይ ውጣ» ስትይኝ ግን ምን እየጠየቅሽኝ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። እኔ ዓሣውን የጠየቅሽኝ መስሎኝ ነበር።

ጃኬቱን ለበስኩት። ማሰሪያው በእኔ ልክ ተስተካክሎ ነበር፤ ሆዴ ጋ ብቻ ትንሽ ጠበበኝ። መረማመጃው ላይ ወጣሁ። ማኅሌት አየችኝ፤ ጃኬቱንም አየችው፤ አነበበችውም። ከንፈሯን ነክሳ «አባ፣ ኖ ፕሬሸር፣ ካልፈለግህ ይቅር» አለችኝ። ከዚያ እጇን ዘረጋችልኝ። የልጄ የተዘረጋ እጅ ፊት ለፊቴ ነው። እኔ ያልዘረጋሁትን እጅ አሰብኩ። ስሙን በልቤ ጠራሁት፤ ያን አብሮ አደጌን፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርቼው የማላውቀውን። የልጄን እጅ ይዤ ገባሁ።

ስለ ሐይቁ መሐል ያልነገርሽኝ ብዙ ነገር ነው። ከዳር ሲታይ ጥቁር የሆነው ውሃ መሐሉ ላይ ሲደርሱ ጥቁር እንዳልሆነ አልነገርሽኝም። ብርሃኑ ወደ ታች ወርዶ ወርዶ የሚጠፋበት አረንጓዴ ነው። ጥዶቹ ከዚያ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። የእኔን ጥድ ፈልጌ አገኘሁት። ከዚያ ሥር የሚቀመጥ ሰው ካንቺ ቦታ ሲታይ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አየሁ። እዚያ ድረስ እያየሽ ነበር በየዓመቱ የምታጠምጂው። ቁጣም አልነበረሽም።

ማኅሌት ወርውር አለችኝ። አምስት ስድስት ጊዜ ጀልባው ውስጥ ነው የወደቀው፤ አንዴ ባርኔጣዋን አነሣሁባት። ሳፋሽ ውስጥ ስትወረውሪ ከመስኮት ሳይሽ ኖሬ አንዴ እንኳ አልሞከርኩም፤ አየሽ ቅጣቱን። በመጨረሻ ሄደልኝ። ብዙ ቆይተን ዘንጉ ጎበጠ። እንዳንቺ ለቀቅሁለት፣ ሳብኩት። ባለመነጽሩ ነው። ክብደቱ ክንዴ ድረስ ተሰማኝ፤ ልቤ እንደዚያ የመታው የልጅነቴ ወንዝ ላይ ብቻ ነው፤ ይህ ግን የፍርሃት አልነበረም። ረቡዕ ነውና ማኅሌት መንጠቆውን አወጣችለት። እኔ በሁለት እጄ ውሃው ውስጥ ያዝኩት። እጄ እስከ ክርኔ ውሃ ውስጥ ነበር። ነፍስ ሲዘራ «ሂድ። ነገ ተመለስ» አልኩት። ማኅሌት ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ወፏም ከሩቅ ጮኸች። እልል ልልላት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም።

በነጋታው ሐሙስ በማለዳ ወጣን። እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ አንድ ባለመነጽር መጣ። ይዘነው ተመለስን። ማኅሌት ጎኑን እንዳስተማርሻት ተለተለችው፤ ጨውና ሎሚ አደረግንበት፤ መረማመጃው አጠገብ ባለው ምድጃ ጠበስነው። ለሃሮልድ አንድ ቁራጭ በአዋዜ ሰጠነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ለአንቺ ይሁን ለአዋዜው አልጠየቅሁትም።

ጃኬቱን ላስ ቬጋስ ላምጣው ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ምስማሩ ላይ ሰቅለነዋል። አጠገቡም ያንቺን። በሚመጡት ዓመታትም ሐምሌን ነው የምጽፈው፤ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ። ፍልሰታን ደግሞ እዚሁ ቤቴ እጾማለሁ፤ ከእንግዲህ ጸሎቴ ጸሎት ብቻ እንዲሆን። አንቺን ሳስብ ሆስፒታሉን አላስብም። ነጠላሽን ጣል አድርገሽ በሳፋ ውስጥ ዓሣ ሲታይሽ ነው የማስብሽ፤ እስክከተልሽ ድረስም እንደዚያው ነው የምትቆዪኝ።

ምን ምን እንደሚል ልንገርሽ። ከቆሮሶ ይለሰልሳል። የዓሣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ሥጋው ነጭ ነው፤ ሲነኩት በቅጠል በቅጠል ይለያል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ይጣፍጣል፤ የቀዝቃዛ ውሃ ጣዕም ያለው ነገር ነው፣ ሌላ ቃል አጣሁለት። ትወጂው ነበር። መረማመጃው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ውሃው ውስጥ ሰድጄ፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ አጥንቱን ብቻ አስቀርቼ በላሁልሽ።